ልጃችሁ በጨዋታው ውስጥ ምን ያህል ኃይለኛ ነው?

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጆች ጨዋታ ብቻ ይመስላል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር፤ ሐሳቤን ያስለወጡኝ አንድ አባት ናቸው።

እኒህ አባት ወደ እስራኤል ከመጡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ቢሮዬ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይህ የኔ ልጅ ሌሊት ሌሊት በስልክ ከማን ጋር እንደሚነጋገር አላውቅም። ጠንቋይ ነኝ ይላል አሉ። ሞቼ ተነሣሁ ይላል። ንጉሡን ገደልኩት ብሏል። እኅቱ ናት የተረጎመችልኝ» አሉኝ። ስልኩን ነጥቀው ሻንጣ ውስጥ ቆልፈውበታል። ልጁ 13 ዓመቱ ሲሆን፣ ስልኩ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ከቤተሰቡ ጋር ለራት አልቀረበም።

ልጁን ለብቻው ሳነጋግረው ግን ዋናው ኀዘኑ ስልኩ አልነበረም። «ቢመልስልኝስ ምን አደርግበታለሁ? ልጆቹ እንደሆነ አስወጥተውኛል» አለኝ። እነማን ናቸው ብለው፣ አብረውት የሚጫወቱ አምስት ልጆች መሆናቸውን ነገረኝ። ለምን አስወጡህ ብለው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «በጣም ኃይለኛ ሆንኩባቸው» አለ። ይህን የሚለው ከክፍሉ ልጆች ሁሉ አጭሩና ቀጭኑ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ልጆቹ በዕብራይስጥ «ሚስካክ ታፍኪዲም» የሚሉት ጨዋታ በአማርኛ ሲፈታ «ሌላ ሰው እየሆኑ መጫወት» እንደ ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ አባት ልሁን» ተባብለን እቃ እቃ ያልተጫወትን፣ በጭቃ እንጀራ ያልጋገርን ማን አለ? እንቆቅልሹንም አስታውሱ። መልሱ የጠፋበት ሰው «ሀገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ያህል ሀገር ይሰጣል፤ ተቀባዩም እዚያ ገብቶ ይነግሣል። ሰጪው ግን በዕለት ኑሮው አንድ ጥማድ ርስት እንኳ ያልነበረው ሊሆን ይችላል። በጨዋታ ጊዜ ሀብትና ኃይል በአፍ ይሰጣል፣ በአፍ ይወሰዳል። ማንም ሰው በማግሥቱ ጎንደርን ልረከብ ብሎ አልሄደም።

የልጆቹ ጨዋታ የዛሬውን መልኩን የያዘው በአሜሪካ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን ጨዋታ አሳተሙ፤ ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ «መቮኺም ኡድራኮኒም» ይሉታል። ጥቂት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ የታሪኩ መሪ ይሆናል፤ «ከፊታችሁ ገደል አለ፣ ከማዶ ጭስ ይታያል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» እያለ ይጠይቃል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ የታሪክ ሰው ይፈጥሩና በሱ ስም ይመልሳሉ። በ1978 ደግሞ በእንግሊዝ ሀገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾ የተባለ ተማሪ ጀምሮት፣ ጓደኛው ሪቻርድ ባርትል በቀጠለበት ሥራ፣ ሰዎች በኮምፒዩተር እየተገናኙ በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ ተፈጠረ። ዛሬ በየቤታችሁ በስልክ የሚካሄደው የዚያ ልጅና የልጅ ልጅ ነው።

«ጠንቋይ» የሚለው ቃል ብዙ ወላጆችን እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ። ልጆቹ የሚሉት ቃል «ኮሴም» ነው። በጨዋታው ውስጥ እንደ ወታደር፣ እንደ ሐኪም፣ እንደ ሰላይ ያለ የሥራ ስም ነው፤ የሚጠራ መንፈስ የለም፣ የሚቀርብም ነገር የለም። ይህም ሆኖ በቤታችሁ የማትወዱት ከሆነ ልጁ ተዋጊ ወይም መንገድ መሪ ሆኖ መጫወት ይችላል። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ጨዋታውም አይበላሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ የታሪኩ ሰው ምን ያህል ኃይል ይኑረው?

በቁጥር የሚካሄደው ጨዋታ ይህን በሕግ ወስኖታል። በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እያንዳንዱ የታሪክ ሰው በስድስት ነገሮች ይለካል፤ እነሱም ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ ናቸው። የአንድ ተራ ሰው ልክ 10 ገደማ ነው። በ2014 በታተመው መጽሐፍ ከተፈቀዱት መንገዶች አንዱ እንዲህ ነው፦ ስድስቱም ከ8 ይጀምራሉ፤ ለተጫዋቹም 27 ነጥብ እንደ ገንዘብ ይሰጠዋል። በዚያ ገንዘብ ይገዛል። አንዱን ነገር ከ8 ወደ 13 ለማድረስ 5 ነጥብ ይበቃል፤ እስከ 15 ለማድረስ ግን 9 ነጥብ ይፈጃል። ስለዚህ ሦስቱን ነገር 15 ያደረገ ልጅ 27ቱን ጨርሷል፤ የቀሩት ሦስቱ እዚያው 8 ላይ ይቀራሉ። ጉልበተኛ፣ ቀልጣፋና ጽኑ ነው፤ ግን ብዙ አያውቅም፣ አያስተውልም፣ ንግግሩም ሰው አይስብም። በወር ደመወዝ ቤት የምታስተዳድር እናት ይህን ስሌት ከማንም በላይ ትረዳዋለች።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ደረጃ አለ፤ ከ1 እስከ 20። ከ1 እስከ 4 ያለው ሰው የሚያድነው አንድ መንደር ነው፤ ከ5 እስከ 10 ከተማና መንግሥት፤ ከ11 እስከ 16 አህጉር፤ ከ17 በላይ የዓለም ዕጣ ፈንታ በእጁ ይወድቃል። በ1 ደረጃ የሚጀምር ኮሴም በአንድ የሰይፍ ምት ሊወድቅ ይችላል። ደረጃው ከፍ የሚለው ቀስ በቀስ፣ ከጓደኞቹ ጋር ያለፈው መከራ ሲቆጠርለት ነው። እንዲህም ሆኖ ባለ 20 ገጹ «ኩቢያ» ተጥሎ 1 ከወጣ፣ የፈለገው ጀግና ቢሆን ሰይፉ ይስታል። እኔ ከዚህ ሁሉ ሕግ የወደድኩት ይህን ነው። ከሃያ ጊዜ አንዱን ማንም አይድንበትም።

የዚያ ልጅ ጨዋታ ግን በዚህ ዓይነት አልነበረም። እነሱ የሚጫወቱት በጽሑፍ ብቻ ነው። ቁጥር የለም፣ ኩቢያ የለም፣ ነጥብ የለም። አንዱ አንድ አንቀጽ ይጽፋል፣ ቀጣዩ ተቀብሎ ይቀጥላል። ኃይሉን የሚወስነው ራሱ ልጁ ነው፤ ልኩን የሚጠብቀው ይሉኝታ ብቻ ነው። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አንድ ትልቅ ሕግ አለ። ልጁ «ሰይፌን ወደ ትከሻው ሰነዘርኩ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ «ትከሻውን ቆረጥኩት» ብሎ ግን አይጽፍም። መሰንዘሩ የሱ ነው፤ መቁሰል ወይም ማምለጥ ግን የሌላው ልጅ ውሳኔ ነው። ሌላውም በበኩሉ ሁልጊዜ «አመለጥኩ» እያለ መጻፍ የለበትም፤ አንዳንዴ መመታትን መቀበል አለበት። ይህን የሚጥስ ልጅ ራሱን አምላክ አደረገ ይባላል፤ በጨዋታው ሰዎች ዘንድ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

የኛ ልጅ የፈጠረው ሰው ማን መሰላችሁ? ዕድሜው 900 ዓመት ነው። ሰይፍ አይቆርጠውም። የሰው ሐሳብ ያነባል። ቢሞት በሦስተኛው አንቀጽ ይነሣል። ከነዚያ አምስት ልጆች አንዷ የፈጠረችው ቁስለኛ የምታክም ሴት ነበረች፤ ቅጠላ ቅጠሉንና ሥራ ሥሩን ሁሉ አጥንታ ጽፋለች። እሱ ግን ጦርነቱን ሁልጊዜ ብቻውን በአንድ አንቀጽ ይጨርሰዋል፤ የሚቆስል ሰው የለም፣ እሷም የምታክመው የለም። ሰላይ የሆነው ልጅ ምሥጢር ሊያመጣ ይሄዳል፤ ሲመለስ ይኸኛው ሐሳብ አንብቦ ቀድሞ አውቆታል። በመጨረሻ «ታዲያ እኛ ምን እንሥራ?» ብለው ጻፉለት። እሱ አልገባውም። ያዳናቸው መስሎት ነበር።

ለምን እንዲህ ያለ ሰው እንደ ፈጠረ ስጠይቀው የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ክፍል ውስጥ መልሱን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ ግን በዕብራይስጥ ይጠፋብኛል፤ እስካገኘው ድረስ ሌላ ልጅ መልሶታል። እዚያ ግን ጽፌ እስክጨርስ ይጠብቁኛል» አለ። ወላጆች ሆይ፣ እኔም በልጅነቴ ነው የመጣሁት፤ ያ እጅ አውጥቶ ዝም የማለት ነገር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ልጁ ከሁሉ በላይ ኃይለኛ መሆንን መምረጡ ትዕቢት ወይም በሽታ አይደለም።

እንዲያውም ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሱፐርማን የተፈጠረው በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ይኖሩ በነበሩ በጄሪ ሲግልና በጆ ሹስተር ነው፤ ሁለቱም ከአውሮፓ የተሰደዱ አይሁዳውያን ልጆች ነበሩ። በ1938 ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ሲወጣ ሱፐርማን አይበርም ነበር፤ 200 ሜትር ያህል ይዘል ነበር እንጂ። ቆዳውንም የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ሊበሳው ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት ኃይል ሲጨምሩለት በረረ፣ ምንም የማይነካው ሆነ። የማይሸነፍ ሰው ታሪክ ግን ምኑ ይሰማል? በ1943 እንደኛው በሬዲዮ በሚተላለፍ የሱፐርማን ዝግጅት ላይ ጉልበቱን የሚያሟጥጥ ክሪፕቶናይት የሚባል ድንጋይ አመጡለት። በመጽሐፈ መሳፍንት የተጻፈውን የሶምሶንን ታሪክ የምታውቁ ሰዎች በዚህ አትደነቁም። ፀጉሩ ባይኖር ኖሮ የጉልበቱን ታሪክ ማን ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር? የኛ የተረት ጀግኖችም ቢሆኑ አንበሳን የሚያታልሉት ጦጣና ጥንቸል ናቸው፤ ጉልበት ስለሌላቸው ዘዴ ይፈጥራሉ፣ እኛም ዘዴውን ለመስማት እንቀመጣለን።

እዚህ ላይ ግን የራሴን ስሕተት ልናገር። ለልጁ «እንግዲያው ደካማ ሰው ሁን» አልኩት። ልጆቹንም በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቆ ለሦስት ሳምንት ሙከራ መለሱት። አባትየውም ስልኩን በሰዓት ተወስኖ ሰጡት። ልጁም ምክሬን ተቀብሎ ዓይነ ስውርና ሽባ የሆነ ሽማግሌ ፈጠረ። ከሳምንት በኋላ መጥቶ፣ «አሁን ደግሞ ተሸክመውኝ ነው የሚዞሩት፤ ሰለቻቸው» አለኝ። ልክ ነበሩ። ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ሰውም እንደ ኃያሉ ሁሉ ታሪኩን ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ ሌሎቹ ሥራቸውን ትተው እሱን ሲያድኑ ይውላሉ። ኃይልን መምረጥ ማለት ማነስ ወይም መብለጥ አለመሆኑን የተማርኩት ከ13 ዓመት ልጅ ጋር ሁለት ጊዜ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ምክሬን ትቼ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት። ሌሎቹ አምስቱ ምን ምን ይችላሉ? አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ከነሱ መካከል ማንም የማይችለው ምን ቀረ? አሰበና «መንገድ የሚያውቅ የለም፤ ሁልጊዜ እንጠፋለን» አለ። አንተ ደግሞ የነሱን እርዳታ የምትፈልግበት ነገር ምን ይሁን? ይህ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ስትሸነፍስ ምን ታጣለህ? ይህንን «ቤት ሄጄ ላስብበት» ብሎ ሄደ።

እናንተም ቤታችሁ ውስጥ እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ትችላላችሁ። ዕብራይስጥ ማወቅ አያስፈልግም፣ ኮምፒዩተርም ማወቅ አያስፈልግም። «ያንተ ሰው የማይችለው ምንድን ነው?» በሉት። ወዲያው ከመለሰ ደህና ነው። «የማይችለው ነገር የለም» ካለ፣ ሳትስቁበትና ሳትቆጡ «ታዲያ ጓደኞችህ ምን ይሠራሉ?» በሉት። ከሱ በፊት የጀመሩ ልጆች ካሉ ያሉበትን ደረጃ ይጠይቅ፤ እነሱ መንደር በሚያድኑበት ጨዋታ እሱ ዓለምን የሚያድን ሆኖ ቢገባ እንደ ጎረቤት ሠርግ ላይ ሳይጠሩት ገብቶ ከሙሽራው ወንበር ላይ እንደ መቀመጥ ይቆጠራል። መጀመሪያ ጥቂት ቀን የሌሎቹን ጽሑፍ ያንብብ።

ስልክ ስለ መንጠቅም አንድ ነገር ልበል። በጽሑፍ ተራ በተራ የሚካሄድ ጨዋታ በሰዓት አይቸኩልም፤ ልጁ ነገ ቢመልስ ምንም አይጎድልበትም። ስለዚህ ለእንቅልፍ፣ ለትምህርትና ለሰንበት ስትሉ ሰዓት ብትወስኑ ጨዋታውን አታበላሹበትም፣ «አይቻልም» ቢላችሁም አትመኑት። በድምፅ በአንድ ሰዓት ተቀጣጥረው የሚጫወቱ ከሆነ ግን በመካከል ስልኩን መንጠቅ አምስት ሌሎች ልጆችን ማስጠበቅ ነው፤ የቀጠሮውን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙዎቹ የሚገናኙበት ዲስኮርድ የሚባለው አገልግሎት ደግሞ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አልተፈቀደም። ከጨዋታው ቡድን ውጭ ለብቻው የሚጽፍለት፣ ፎቶ ወይም አድራሻ የሚጠይቀው ሰው ካለ ሳይፈራ እንዲነግራችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። በቁጣ ከጀመራችሁ አይነግራችሁም።

ሌላው ገንዘብ ነው። እስካሁን የነገርኳችሁ ጨዋታ ኃይሉ በሐሳብ የሚገኝ ነው። በስልክ የሚጫኑ ሌሎች ብዙ ጨዋታዎች ግን ሰይፉንና ጋሻውን በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣሉ። ልጁ በጉልበቱ አንድ ወር የሚፈጅበትን ደረጃ በክሬዲት ካርድ በአንድ ደቂቃ ይገዛዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ በውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ የተዘጋ ሣጥን ይሸጣሉ፤ ይህ በኔ አስተያየት ለልጅ የተዘጋጀ ቁማር ነው። የካርዳችሁን ቁጥር በልጁ ስልክ ላይ አትተዉ። ልጁ ዕብራይስጥ ስለሚችል ሒሳቡን ሁሉ እሱ በሚከፍልበት ቤት ይህ በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ልጁ ወደ ቢሮዬ የተመለሰው ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ በዚህ ጊዜ አባቱም አብረውት ነበሩ። አዲስ የፈጠረውን ሰው በዕብራይስጥ ጽፎ አምጥቷል፣ ለአባቱ ደግሞ በአማርኛ እያቆመ ተረጎመላቸው። የታሪኩ ሰው የነጋዴ ቅፍለት የሚመራ ጎልማሳ ነው። የወንዝ መሻገሪያውን፣ የሽፍታ መደበቂያውን፣ በቅሎ የሚንሸራተትበትን ገደል ሁሉ ያውቃል። ሰይፍ አለው፣ ግን ሲዋጋ ብዙውን ጊዜ ይሸነፋል። በገባበት ሀገር የሚጻፈውን ፊደል ማንበብ አይችልም፤ በየከተማው በር ላይ የተለጠፈውን አዋጅ ሌሎቹ ካላነበቡለት ወጥመድ ውስጥ ይገባል። የሚያጣው ነገር ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «በቅሎውን» አለኝ፤ ስም ሁሉ አውጥቶላታል።

አባትየው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ «በቅሎዋን ወንዝ ላይ ከፊት አታስቀድማት፤ መጀመሪያ በዱላህ ጥልቀቱን ለካ» አሉት። ልጁም ብዕር አውጥቶ ጻፈው።